ዘብ የቆሙት ጥቁር ልብሶች

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ቤታችሁን ቆልፋችሁ ራቅ ወዳለ አገር ስትሄዱ፣ ቤታችሁ ምን ሲያደርግ የሚውል ይመስላችኋል? እኔ ይህ ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሰው ነኝ። ሲፈጥረኝ ነገር ማጣራት እወዳለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ስልኩን ሲነካካ አንገቴ ሳላዘው ይዞራል። ባለቤቴ አስቴር «አንተ እኮ ሰርግ ብትጠራ ሙሽራውን ትተህ የድስቱን ክዳን የምትከፍት ነህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ምን ላድርግ፣ ድስቱ ነዋ ወሬ ያለው!

የምንኖረው ሱሉልታ ነው፤ እኔና አስቴር ሁለታችን ብቻ፣ ልጅ ገና አልሰጠንም። አጥራችን ቆርቆሮ ነው። መንገዱ ግን ከግቢያችን ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ግቢያችንን ቁልቁል እያየ ነው የሚያልፈው። ምን እንደበላን ባያውቅ ምን እንዳጠብን ያውቃል።

ከተጋባን ጀምሮ የትም ሄደን አናውቅም ነበርና አስቴር አንድ ቀን «ሐይቅ ማየት አማረኝ» አለች። እሺ አልኩ። መሥሪያ ቤት እረፍት የሚሰጠው ደግሞ ማንም በማይፈልገው ወር ነው፤ ለእኛ የደረሰን በዓቢይ ጾም ሆነ። እንግዲህ ፍረዱ፤ ሕዝበ ክርስቲያኑ በሁዳዴ ሲሰግድ እኛ ላንጋኖ ዳር እግራችንን ልንነክር ነው። ሰፈር ቢሰማ ምን ይላል? ሰፈር ቢሰማ ደግሞ ሌባም ይሰማል። በዚያን ሰሞን ከጎረቤታችን ከእትዬ ሙሉ ግቢ የውሃ ፓምፕ ከነቱቦው ተነቅሎ ተወስዷል። ያውም እትዬ ሙሉ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ሽሮ እየበላች! ሰው እያለ እንዲህ ካደረጉ፣ ሰው በሌለበት ጣሪያውን ገንጥለው ቢሄዱስ?

ምክር ጠየቅሁ። መሥሪያ ቤት አንዱ «ውሻ አስገባ» አለኝ። ውሻው እኔን እስኪለምድ ጡረታ እወጣለሁ። ሌላው «ዘበኛ ቅጠር» አለ። ዘበኛውንስ ማን ይጠብቀዋል? ደግሞ አንዷ ቅን ሴት «ለጎረቤትህ አደራ ብለህ መሄድ ነዋ!» አለችኝ። እትዬ ሙሉን ስለማታውቃት ነው። እትዬ ሙሉ ልቧ ንጹሕ ነው፤ ለሷ ምስጢር መንገር ግን በሞንታርቦ ማሳወጅ ነው።

በመጨረሻ አንድ ወጣት የሥራ ባልደረባዬ «ቤቱ ሰው ያለበት ማስመሰል ነው ቴክኒኩ» አለኝ። «አምፖል አብርተህ፣ ሬዲዮ ከፍተህ፣ ልብስ አስጥተህ መሄድ። ሌባው አይቶ ‹ሰው አለ› ብሎ ያልፋል።» ወደድኩት። ግን ወዲያው አሰብኩ፤ ልብሱንስ ቢወስዱት? ቤት ልጠብቅ ብዬ ሱሪዬን ልጣ?

መልሱ የመጣልኝ ጥርሴን ስፋቅ ነው። የሐዘን ልብስ! የሐዘን ልብስ የሚሰርቅ ሌባ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሌባም እኮ እናት አለው። የሰው ጥቁር ልብስ ይዞ ቤቱ መግባት ሞትን «ና፣ ቤት ለእንግዳ» ማለት ነው። ስለዚህ ጥቁር ልብስ ካሰጣሁ ቤቱም ሰው ያለበት ይመስላል፣ ልብሱም አይነካም። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ አልኩና በራሴ ተደነቅሁ። መደነቄን ለብቻዬ ልይዘው ስላልቻልኩ መፋቂያዬን እንደያዝኩ ሮጬ ለአስቴር ነገርኳት።

«ኧረ በስመ አብ በል! ሟርት ነው!» አለች።

«ሟርት አይደለም፣ ቴክኒክ ነው።»

አባቷ ያረፉ ጊዜ የለበሰቻቸው ጥቁር ቀሚሶች፣ ጥቁር ሻሿ፣ ጥቁር ፎጣዋ፣ የኔ ጥቁር ኮትና ሱሪ፣ ሁሉም ከሻንጣ ወጡ። እሷ እያማተበች እኔ እያፏጨሁ ገመዱን ሞላነው። የሱሉልታ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በመቆንጠጫ ላይ መቆንጠጫ ጨመርኩበት። የበረንዳው አምፖል ሌት ተቀን እንዲበራ ተውኩት። ሬዲዮኑንም ከፈትኩ፤ ጾም ስለሆነ ጣቢያው በገና እየለቀቀ ነበር። ይሁን፣ ሌባውም ንስሐ ይግባ ብዬ ተውኩት።

«ለእማዬ ግን ልንገራት» አለች አስቴር።

እናቷ እማማ ወርቄ ጫንጮ ነው የሚኖሩት፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ለብቻቸው፣ ከአንዲት ላምና ከጓሮ ጎመናቸው ጋር። አስቴር አንድ ልጃቸው ናት። «እናትሽ ለገበያ ሰው ይነግራሉ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ግማሹ ሱሉልታ ጫንጮ ነው ያለው» አልኳት። «ስልካችንንም እናጠፋለን። ሰው ደውሎ የሐይቁን ነፋስ ከሰማ አለቀልን።» ቅር አላት። ዝም አለች። እኔም ዝምታዋን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት፤ ባል እንዲህ ነው።

የምንወጣ ዕለት ሻንጣ ይዘን እንዳንታይ ሻንጣውን ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩት። ወፍጮ ቤት የምንሄድ ለመምሰል ነው። በሩን በሁለት ቁልፍ ከርችመን በማለዳ ሹልክ ስንል፣ ማን ቢገጥመን ጥሩ ነው? የእድራችን ዳኛ ኦቦ ገመቹ! ከኪዳን ሲመለሱ ነው።

«አካም ቡልተኒ!» አሉን ባርኔጣቸውን ብድግ አድርገው። «በማለዳ ወዴት ነው፣ ልጆቼ?»

ውሸት አላዘጋጀሁም ነበር። በጾም፣ ያውም ከኪዳን የመጣ ሽማግሌ ፊት ከመዋሸት ዝም ማለት ይሻላል ብዬ አንገቴን ሰብሬ ራሴን ነቀነቅሁ። አስቴር ደግሞ የማለዳው ብርድ ዓይኗን አስነብቷት በነጠላዋ ጫፍ ትጠራርጋለች። ኦቦ ገመቹ እሷን አዩ፤ ማዳበሪያውን አዩ፤ እኔን አዩ። «በሉ እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው አለፉ። እንዴት ያሉ ጨዋ ሰው ናቸው ብዬ አደነቅኳቸው።

ላንጋኖ ደረስን። ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው። አስቴር ጫማዋን አውልቃ ውሃው ዳር ስትሄድ እንደ ልጅ ትስቃለች፤ እኔ ግን ልቤ ሱሉልታ ነው። ሬዲዮኑ አሁን ምን እያወራ ይሆን? መብራት ጠፍቶ ቢሆንስ? ሌባው መጥቶ፣ ልብሶቹን አይቶ፣ አማትቦ ሲመለስ ባየሁት!

«አንተ ሰውዬ፣ ሐይቁን እይ እንጂ!»

«አየሁት እኮ። ተኝቷል።»

ጥቂት ቀን እንደምንም ታገስኩ። ከዚያ ወዲያ አልቻልኩም። አስቴር እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ስትጫወት ከአንድ ግራር ጀርባ ተደብቄ ስልኬን ከፈትኩ። ያመለጡ ጥሪዎች መልእክት ተንጋጋ። አንዱንም ሳላነብ ስልኩ ጮኸ። እትዬ ሙሉ ናት።

«አንተ ነህ?» አለች፣ በሹክሹክታ።

እትዬ ሙሉ በሹክሹክታ አውርታ አታውቅም። እትዬ ሙሉ «ደህና አደራችሁ» ስትል እንኳ ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። 

«እኔ ነኝ፤ ምነው፣ ምን ተፈጠረ?»

«ምንም። ሁሉም ደህና ነው። ብቻ በርታ። ቀስ ብላችሁ ኑ።»

ተቋረጠ።

መቼም አገራችሁን ታውቃላችሁ። «ሁሉም ደህና ነው» ማለት ደህና ያልሆነ ነገር አለ ማለት ነው፤ «ቀስ ብላችሁ ኑ» ማለት ሩጡ ማለት ነው። መልሼ ደወልኩ፤ አይነሳም። መጀመሪያ የመጣልኝ ሌባ ነው። ግን ሌባ ቢሆን እትዬ ሙሉ አታንሾካሽክም፤ የተወሰደውን ዕቃ ከነቀለሙ ቆጥራ እሪ ትላለች። ሹክሹክታ ለሞት ነው። ማን? ከኛ ወገን በዕድሜ የገፉት እማማ ወርቄ ብቻ ናቸው።  አስቴር «ለእማዬ ልንገራት» ስትል «አይሆንም» ያልኩት እኔ ነኝ። ስልክ ያስጠፋኋትም እኔ ነኝ። እናትዮዋ ቢያጣጥሩና ልጃቸውን በስልክ ፈልገው አጥተዋት ቢሆንስ?

መርዶ እንዲህ በሜዳ አይነገርም። ፊቴን አስተካክዬ ወደ ውሃው ዳር ሄድኩ።

«ተነሽ እንሂድ» አልኳት።

«ምነው? ምን ተገኘ?»

«ምንም። ሁሉም ደህና ነው።»

«እማዬን!» ብላ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች።

ስልኬን ነጥቃኝ ለእናቷ ደወለች። ጥሪ አይቀበልም። ደገመች፣ ደጋገመች። ያንን የስልክ ድምፅ እስክሞት አልረሳውም። መንገዱን ሁሉ መኪና ውስጥ አንገቷን ደፍታ አለቀሰች፤ ከኋላ የተቀመጡ የማናውቃቸው እናት ትከሻዋን እየደባበሱ «አይዞሽ፣ የሁላችንም መንገድ ነው» ይሏታል። እኔን ግን ቀና ብላ አላየችኝም። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

ሱሉልታ ደርሰን ወደ ቤታችን ስንታጠፍ ድንኳን ተተክሏል። በኛው ደጃፍ! በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሁለቱም ቁልፎች ተሰብረው መሬት ወድቀዋል። አስቴርን ደግፌ ይዣት ስንጠጋ ከድንኳኑ ውስጥ የአሮጊት ሙሾ ሰማሁ።

«ኢንታላ ኮ! ልጄን! ለዚያ ዓይኑ የትም ለሚቅበዘበዝ ሰጥቼሽ! በር ቆልፎ፣ ስልክ ዘግቶ፣ የት አድርሶ ጨረሰሽ!»

ቆምኩ። ዓይኑ የሚቅበዘበዘው ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማጣራት አላስፈለገኝም። ድምፁንም አውቀዋለሁ፤ የእማማ ወርቄ ነው። ግራ ገባኝ። የሞተ ሰው እንዴት ያማኛል?

አስቴር ግን አልቆመችም። «እማዬ!» ብላ ገብታ መሀል ድንኳኑ ተደነቀረች። እማማ ወርቄ ሙሾው አፋቸው ላይ ቀረ።  አሮጊቷ ቀስ ብለው ተነሱ። መጥተው ፊቷን ዳሰሱ፤ ጆሮዋን ያዙ፤ እጇን አገላብጠው አዩ፣ ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚያጣራ ሰው። ከዚያ አንገቷ ሥር ፊታቸውን ቀበሩና እየተንሰቀሰቁ አለቀሱ። እሷም አለቀሰች። ይኼኔ ድንኳኑ በሞላ እሪ አለ፤ የደስታ ነው፣ ግን ከሐዘኑ ይልቅ የሚጮኸው እሱ ነበር። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ማን እንደሞተ ግን ገና አላወቅሁም።

ሁሉም ሲረጋጋ ኦቦ ገመቹ እንደ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተመስገን ነው። እሰይ ነው። እንግዲህ…» ዙሪያውን አዩ፤ «ማን ነው የሞተው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«እኔም ይህንኑ ልጠይቃችሁ ነበር» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆመኛል? በርጩማ ስቤ አንድ በአንድ አጣራሁ። ነገሩ የተጀመረው ከእትዬ ሙሉ ነው። ከመንገዱ ላይ ሆና ቁልቁል ስታይ ገመዱ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ለብሷል። በሩ ተከርችሟል፤ አምፖሉ በጠራራ ፀሐይ ይበራል፤ ከውስጥ በገና ይሰማል፤ ብትደውል ሁለታችንም ዝግ ነን። ስትሮጥ ኦቦ ገመቹ ዘንድ ሄደች። ኦቦ ገመቹ ደግሞ «እኔስ በማለዳ እያለቀሱ ሲሄዱ አገኘኋቸው፤ የለቅሶ ቤት እህል ይሁን ምን በማዳበሪያ ተሸክመዋል» አሉ። በቃ፣ የአስቴር እናት አርፈዋል ተባለ።

እድራችን ደግሞ ለአባሉ ቸልተኛ አይደለም። ሚኒባስ ተኮናትረው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጫንጮ ሄዱ። ግቢው ሲደርሱ ሟችን ጓሯቸው ጎንበስ ብለው ጎመን ሲቀነጥቡ አገኟቸው።

«ታዲያ ምን አላችሁ?» አልኩ፣ ጉጉቴ ጨርሶ አላስቀምጥ ብሎኝ።

«ምን እንበል?» አለች እትዬ ሙሉ። «‹ለለቅሶዎ ነው የመጣነው› ይባላል? ‹እንዲሁ ልናይዎት ነው› አልናቸው።»

ሚኒባስ ሙሉ ሰው፣ በሥራ ቀን፣ ነጠላ አዘቅዝቆ፣ እንዲሁ ሊያይ! እማማ ወርቄ ጎመኑን ጥለው «ያ ዋቃ! አምላኬ! ልጄን!» አሉ። ለቀስተኞቹም እርስ በርስ ተያዩ። እናትየው በሕይወት ካሉ ጥቁሩ የማን ነው? ልጅቱ ብትሆን ነው። ሳያውቁ «አይደለም» እንዳይሉ ፈሩ፤ ዝም አሉ። ዝምታቸው መርዶ ሆነ። ወሬውን በስልክ እንዳይሰሙ ስልካቸውን ተቀብለው ዘጉት፤ ደግፈው ሱሉልታ አመጧቸው፤ ቁልፎቹን በመዶሻ ሰብረው ድንኳን ተከሉ። ሌባ ያልደፈረውን ቤቴን እድሬ ሰብሮ ገባ።

«ቆይ፣ ስልክ አንስቼ አናግሬሽ የለ? በሕይወት አለን ማለት አይደለም?» አልኳት እትዬ ሙሉን።

«እሱማ ነው ነገሩን ያባሰው» አለች። «‹ባልየው አነሳ› ብዬ ስነግራቸው ‹የልጄንስ ድምፅ ሰማሽ?› አሉኝ። ‹አልሰማሁም› አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማን ያጽናናቸው?»

አስቴር ጣቷን ቀስራ «ልብሱን ያሰጣው እሱ ነው! ሌባ እንዳይነካው ብሎ!» ብላ አጋለጠችኝ። ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸው እስኪወድቅ ሳቁ፤ ሲበርድላቸውም ፈረዱብኝ። እስከ ትንሣኤ ድረስ በሰፈሩ ለሚደርስ ለቅሶ ሁሉ ድንኳን ተካይና አግዳሚ ተሸካሚ እኔው ነኝ። ይገባኛል አልኩ። «የት ከርማችሁ ነው?» ያለም ነበር፤ ላንጋኖ ስል ግማሹ አማተበ።

ያልሳቁት እማማ ወርቄ ብቻ ናቸው። የልጃቸውን እጅ እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስልኩን ስታነሳ አጠገብህ አልነበረችም?»

«ነበረች እማማ። እዚያው፣ ውሃው ዳር።»

«ታዲያ ድምፅዋን ብታሰማኝ ምን ነበረበት?»

አልጮኹም። ቢጮኹ ይቀለኝ ነበር።  ጫማቸውን ሳምኩ፤ አንስተው ግንባሬን ሳሙኝ። ግን ጥያቄውን አልተውትም።

ጥቂት ቀን ሰነበቱ። አስቴር ጓሮ ስትወጣ ይከተላሉ፤ ስትተኛ አልጋው ጠርዝ ቁጭ ብለው ትንፋሿን ያዳምጣሉ። ላማቸው ናፍቃቸው ሲሄዱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። እኛ ቤት ሳንገባ ደወሉ፤ ለእኔ።

«አለች?»

«አለች እማማ።»

«አገናኘኝ።»

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እንዲህ ነው። ለራሷ ቢደውሉ ምን አለበት? አይደውሉም፤ የሚደውሉት ለእኔ ነው። ሰላምታ የለም፤ «አለች?» ነው፤ ከዚያ «አገናኘኝ»። አስቴር ገላዋን እየታጠበች ከሆነ በሩን እደበድባለሁ። ተኝታ ከሆነ እቀሰቅሳታለሁ። ድምፅዋን ይሰማሉ፣ ይዘጋሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ደወሉ። አስቴር ስልኳን ቤት ጥላ ገበያ ወጥታለች።

«አለች?»

«አለች እማማ፤ ገበያ ወጥታ ነው። ስትመጣ…»

 አልዘጉም፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ስልኩን እንደያዝኩ በነጠላ ጫማ በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ። «እየሄድኩ ነው እማማ! አይዝጉት፣ ቁልቁለቱን ጨርሻለሁ!» እያልኩ በሱሉልታ አቧራ ውስጥ ሮጥኩ። ሰው ቆሞ ያየኛል። አንዱ ነጠላ ጫማዬ የት እንደቀረ አላውቅም። አስቴርን ሽንኩርት ተራ አገኘኋት፤ መናገር አቅቶኝ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፍኩት።

«አቤት እማዬ» አለች። «ሽንኩርት እየገዛሁ ነው።»

«እሺ» አሉና ዘጉት።